ጠብታው ሲያቃጥል፦ የግላኮማ ሕክምና ኮርኒያን ምን ያደርጋታል?

የግላኮማ ታካሚዎች አብዝተው የሚያማርሩት ስለ ነርቫቸው አይደለም። ስለ ማቃጠል ነው። «ጠብታው ያቃጥለኛል»፣ «አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል»፣ «ጠዋት ስነሳ ዓይኔ ደም ይመስላል» ይላሉ። ይህንንም የሚሉት ለቤተሰብ እንጂ ለሐኪም አይደለም። ብዙዎቹ «መድኃኒት ነውና ማቃጠሉ አይቀርም» ብለው ይችሉታል። የባሰው ደግሞ ሳይናገሩ የሚያቆሙት ናቸው። ምርመራ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ንግግር የተለመደ ነው፦

«እማማ፣ ጠብታውን እየጨመሩ ነው?»

«እየጨመርኩ ነው ልጄ።»

«በየቀኑ?»

«ሲያቃጥለኝ ትቼው እሰነብታለሁ እንጂ…»

መቻሉም መተዉም ልክ አይደለም። ማቃጠሉ ምክንያት አለው። ምክንያቱ ኮርኒያ በምትባለው የዓይን የፊት ሽፋን ላይ በመሣሪያ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜም መላ አይጠፋለትም።

ግላኮማ ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚያጠፋ በሽታ ነው። ዓይናችን ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመረት ንጹሕ ፈሳሽ አለ። እንባ አይደለም፤ የውስጥ ፈሳሽ ነው። በዓይን ውስጥ፣ ከጥቁሩ ክፍል ዳር ባለ ጥግ ላይ ባሉ ጥቃቅን መውጫዎች እየወጣ ከደም ጋር ይቀላቀላል። መውጫው ሲታወክ ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ ግፊቱም ይጨምራል። የተለመደው ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው ይባላል። ነገር ግን ከ21 በታች ሆኖ ነርቩ የሚጎዳ ሰው አለ። የሞተ ነርቭ አይመለስም። ጠብታውም፣ ሌዘሩም፣ ቀዶ ሕክምናውም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ግፊቱን ዝቅ አድርገው የቀረውን እይታ ማትረፍ።

የሚድነው ነርቭ ያለው ከኋላ ነው። መድኃኒቱ የሚገባው ግን ከፊት ነው። ከፊት ያለችው ደግሞ ኮርኒያ ናት፤ የዓይናችንን ጥቁር ክፍል ከላይ የምትሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን። መሃሏ ላይ ውፍረቷ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። የደም ሥር የላትም። ኦክስጅን በእንባ በኩል ከአየር ታገኛለች፤ ምግቧን ደግሞ በአብዛኛው ከጀርባዋ ካለው የውስጥ ፈሳሽ። ስለዚህ የፊት ገጿ ያለ እንባ፣ የጀርባ ገጿ ያለ ውስጥ ፈሳሽ አይኖሩም። የግላኮማ ሕክምና ሁለቱንም ገጾች ይነካል። የፊቱ ጉዳት ያማል፣ ግን በአብዛኛው ይድናል። የጀርባው አያምም፣ ግን አይመለስም።

የፊቱ ገጽ

የጠብታ ብልቃጥ አንዴ ከተከፈተ ለሳምንታት ያገለግላል። ባክቴሪያ እንዳይራባበት ማቆያ ኬሚካል ይጨመርበታል። በብዛት የሚጨመረው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ይባላል። መጠኑ ትንሽ ነው። ብዙ ብልቃጦች ላይ 0.01 በመቶ አካባቢ ነው፤ ላታኖፕሮስት በሚባለው የተለመደ የግላኮማ ጠብታ ደግሞ 0.02 በመቶ ይደርሳል።

ይህ ኬሚካል የሳሙና ባሕርይ አለው። ባክቴሪያን የሚገድለው የውጭ ሽፋኑን አፍርሶ ነው። ክፋቱ የባክቴሪያን ሴል ከሰው ሴል አለመለየቱ ነው። እንባችን ውሃ ብቻ አይደለም። ከላዩ ስስ የቅባት ሽፋን አለው፤ እንባው ቶሎ እንዳይተን የሚከላከለውም እሱ ነው። ሳሙና ጠብ ሲልበት በሳህን ላይ ያለ ቅባት እንደሚሸሽ ሁሉ፣ ይህም ሽፋን ይበታተናል። እንባው ቶሎ ይተናል፣ ዓይኑም ይደርቃል። ኬሚካሉ በዚህ አያበቃም። የኮርኒያን የላይኛ ሴሎች እርስ በርስ የሚያያይዘውን ማሰሪያ ያላላል። የዓይንን ገጽ የሚያለሰልሰውን ሙጫማ ፈሳሽ የሚያመነጩትን ሴሎችም ያመናምናል።

በቀን አንድ ጠብታ ቢሆን ብዙ ዓይን ይችለዋል። ግን የግላኮማ ሕክምና የወር ወይም የዓመት አይደለም። ብዙ ታካሚም ከአንድ ብልቃጥ በላይ አለው። ላታኖፕሮስት ማታ አንድ ጊዜ፣ ቲሞሎል ጠዋትና ማታ፣ ዶርዞላማይድ በቀን 3 ጊዜ ቢታዘዝ፣ በቀን 6 ጊዜ ነው። በዓመት ሲሰላ ከ2 ሺህ ጊዜ ያልፋል። ጉዳቱም እየተደመረ ይሄዳል፤ ብልቃጡ በበዛና ዓመቱ በረዘመ ቁጥር ድርቀቱ ይብሳል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ጠብታ ከሚወስዱ የግላኮማ ታካሚዎች ግማሽ የሚጠጉት የዓይን ድርቀት ምልክት አላቸው።

ሐኪሙ ይህን እንዴት ያየዋል? አገጭዎን አስደግፈው በሚቀመጡበት፣ ስሊት ላምፕ በሚባለው ማጉያ መሣሪያ ነው። ፍሎረሲን የሚባል ብርቱካናማ ቀለም የተነከረ ቀጭን ወረቀት የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጥ በኩል ይነካል። ዓይንዎን ጨፈን ከፈት ያደርጋሉ። ከዚያ ሰማያዊ መብራት ይበራል። ጤናማ ኮርኒያ ወጥ ሆና ትታያለች። የተጎዳችው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከታችኛው ግማሿ የሚጀምሩ ደማቅ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ። እያንዳንዷ ነጥብ የላይኛ ሴል የተጎዳበት ቦታ ናት። እነዚያ ነጥቦች ናቸው የሚያቃጥሉት። ማንበብ ሲጀምሩ ደህና የነበረው ፊደል ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚደበዝዘውም በእነሱና በእንባው መድረቅ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ግላኮማው የባሰበት መስሎት ይደነግጣል።

ጥፋቱ ሁሉ ግን የማቆያው አይደለም። መድኃኒቶቹም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ቲሞሎልና መሰሎቹ የኮርኒያን የመሰማት አቅም ይቀንሳሉ፣ እንባንም ሊያሳንሱ ይችላሉ። ያልተሰማው ዓይን ብዙ አይርገበገብም፤ ስለዚህ አለመቆርቆሩ ብቻ የጤና ማስረጃ አይሆንም። ላታኖፕሮስትና ዘመዶቹ ዓይንን ያቀላሉ፣ ሽፋሽፍትን ያስረዝማሉ፣ በቆብ ጠርዝ ላይ ያሉትን የቅባት ዕጢዎችም ሊያውኩ ይችላሉ። ቀድሞ በሄርፒስ ቫይረስ ኮርኒያው ቆስሎ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ላታኖፕሮስት ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ብሪሞኒዲን የተባለው ጠብታ ከወራት በኋላ አለርጂ የሚያስነሳባቸው ጥቂት አይደሉም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የተፈቀደው ኔታርሱዲል ኮርኒያ ላይ ዙሪያ ጥምጥም ደለል ይተዋል። ለሐኪም ይታያል እንጂ እይታን እምብዛም አይነካም፤ መድኃኒቱ ሲቆምም ይጠፋል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ፤ በተለይ ሁለተኛው አደገኛ ነው። የመጀመሪያው፣ ዓይኑ የደረቀበት ሰው ከፋርማሲ ሰው ሠራሽ እንባ ገዝቶ ቀኑን ሙሉ ይጨምራል። ያ እንባ ራሱ ቤንዛልኮኒየም ካለበት ግን የሚያቃጥለውን ነገር በላዩ ላይ እየጨመረ ነው። የሚያስፈልገው ማቆያ የሌለበት እንባ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ስቴሮይድ ነው፤ የዓይን ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት። ዴክሳሜታሶን የተባለው ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያለ ማዘዣ ተገዝቶ ሲጨመር ቅላቱ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። «አሪፍ መድኃኒት አገኘሁ» ይባላል። ነገር ግን ስቴሮይድ በሳምንታት ውስጥ የዓይንን ግፊት ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ግላኮማ ያለበት ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ ለዚህ ተጋላጭ ነው። ዓይኑ ነጭ ሆኖ፣ ሕመሙ ጠፍቶ፣ ነርቩ ይሞታል። ስቴሮይድ የሚጨመረው በሐኪም ትእዛዝ፣ ግፊት እየተለካ ብቻ ነው።

በአገራችን ይህ ጉዳይ ሌላ ክብደት አለው። በ1998 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት የዓይን ሞራን በ49.9 በመቶ አንደኛ ምክንያት አድርጎ ያስቀምጣል። በትራኮማ የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ ደግሞ 5.2 በመቶ ነበር። በወረቀት ላይ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ናቸው። በሰው ላይ ግን አንድ ዓይን ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ትራኮማ ያለፈበት ቆብ ጠባሳ አለው፣ እንባው ጎዶሎ ነው፣ አንዳንዴም ፀጉሩ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ኮርኒያውን ይፍቃል። እንዲህ ባለ ዓይን ላይ በቀን 6 ጊዜ ማቆያ ያለው ጠብታ መጨመር ከባድ ነው። የተቀለበሰው ፀጉር ቶሎ መታከም አለበት። የጠብታውም ምርጫ በዚያው ልክ ቢታሰብበት ዓይኑ ብዙ ከመቃጠል ይተርፋል።

ታዲያ ምን ሊለወጥ ይችላል? ብዙ ነገር። ሁለት መድኃኒት በአንድ ብልቃጥ ማድረግ ይቻላል፤ ዶርዞላማይድና ቲሞሎል አብረው ተቀምመው ይሸጣሉ። ብልቃጥ በቀነሰ ቁጥር ማቆያውም ይቀንሳል። ማቆያ የሌላቸው ወይም ለስለስ ያለ ማቆያ ያላቸው ጠብታዎችም አሉ። አውሮፓና አሜሪካ በቀላሉ ይገኛሉ። አገር ቤት ግን በየፋርማሲው የሉም፤ ከተገኙም ይወደዳሉ። ውጭ ያለ ዘመድ ይልካል ከተባለ፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን በሐኪም የተጻፈ ይሁን። የሚላከው ጠብታ በመንገድ ላይ በሙቀት እንዳይበላሽም ያስቡ፤ የተለመደው ላታኖፕሮስት ሳይከፈት በፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ መድኃኒት ነው።

ሦስተኛው አማራጭ ጠብታውን ራሱን የሚተካ ሌዘር ነው። ኤስኤልቲ ይባላል። ሥራው የውስጥ ፈሳሹን መውጫ ማነቃቃት ነው። መውጫው ያለበት የውስጥ ጥግ ክፍት ለሆነው የግላኮማ ዓይነት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመ የእንግሊዝ ጥናት በዚህ ሌዘር ከጀመሩት ታካሚዎች ሦስት አራተኛ የሚጠጉት ከ3 ዓመት በኋላም ያለ ጠብታ ግፊታቸው እንደተያዘ አሳይቷል። ለእኛ ቀረብ የሚለው ግን ታንዛኒያ ሞሺ፣ ኪሊማንጃሮ ሥር ባለው ሆስፒታል የተደረገው ነው። እዚያ ከ1 ዓመት በኋላ ሕክምናው የተሳካላቸው ዓይኖች በሌዘር 61 በመቶ፣ በቲሞሎል 31 በመቶ ነበሩ። ሌዘሩ አልፎ አልፎ ለአጭር ጊዜ ኮርኒያን ሊያሳብጥ ይችላል፤ የሥራው ዘመንም ስለሚያልቅ ክትትሉ አይቀርም። ቢሆንም ለደረቀ ዓይን ትልቅ ዕረፍት ነው። መሣሪያው ባለበት ከተማ የሚኖር ሰው «ለእኔ ይሆናል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አይጸጸትም።

የዓይን ገጽ ጤና የምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎት። ለብዙ ዓመት የተቆጣ ዓይን በኋላ የግላኮማ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው፣ የተከፈተው መውጫ ጠባሳ ሠርቶ የመዘጋት ዕድሉ ይጨምራል።

የጀርባው ገጽ

ኮርኒያ ከጀርባዋ ኢንዶቴሊየም የሚባል አንድ ረድፍ ብቻ ያለው የሴሎች ንጣፍ አላት። ሥራው ውሃ መምጠጥ ነው። የውስጥ ፈሳሹ ሳያቋርጥ ወደ ኮርኒያዋ ይሰርጋል፤ እነዚህ ሴሎች ደግሞ ሳያቋርጡ መልሰው ያወጡታል። ኮርኒያ ጥርት ብላ የምትኖረው በዚህ ነው። በአዋቂ ሰው በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 2,500 ያህል ሴሎች አሉ። የሞቱትን የሚተካ አዲስ ሴል አይወለድም። ጎረቤቶቻቸው እየተለጠጡ ክፍተቱን ይሸፍናሉ እንጂ። በተፈጥሮ በዓመት 0.6 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ፤ በዚህ አካሄድ ዕድሜ ልክ ይበቃሉ። ቁጥሩ ወደ 500 ሲወርድ ግን ምጠጣው ያቅታቸዋል። ኮርኒያዋ ታብጣለች፣ ትደበዝዛለች።

ምልክቱን ማወቅ ጥሩ ነው። ጠዋት ሲነሱ ጭጋግ ሆኖ ወደ እኩለ ቀን የሚጠራ እይታ የኢንዶቴሊየም ድካም ምልክት ሊሆን ይችላል። ሌሊት ዓይን ተጨፍኖ ስለሚያድር ከኮርኒያ የሚተን ውሃ የለም፤ ቀን ሲከፈት ይተናል።

ጠብታዎች ጤናማ ኢንዶቴሊየምን እምብዛም አይጎዱም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ዶርዞላማይድ ግፊት የሚቀንሰው አንድ ኢንዛይም በማገድ ነው፤ ያ ኢንዛይም ደግሞ ለኢንዶቴሊየሙ ምጠጣም ያገለግላል። ሴሉ የሞላ ሰው ምንም አይሰማውም። ፉክስ የሚባለው የኮርኒያ ሕመም ያለበት፣ ወይም ተደጋጋሚ የዓይን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ግን ኮርኒያው ሊያብጥ ይችላል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላሰምርበት። ሕክምናውን መተው ለኮርኒያም አይበጅም። የፈሳሹ መውጫ ያለበት የውስጥ ጥግ በድንገት ሲዘጋ ግፊቱ እጅግ ይንራል፤ ውሃው ኮርኒያ ውስጥ ይገባል። ሰውየው መብራት ዙሪያ የቀስተ ደመና ክብ ያያል፣ ዓይኑና ራሱ ይፈነክተዋል፣ ያስታውከዋል። እንዲህ ያለ ሰው የዚያኑ ቀን፣ የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት። በሕፃናት ላይ ደግሞ ግፊቱ ኮርኒያዋን ለጥጦ ያተልቃታል። «ዓይኑ እንዴት ትልቅና ያምራል!» የተባለለት ሕፃን ብርሃን የሚፈራ፣ የሚያነባና ኮርኒያው ጭጋግ ያለበት ከሆነ፣ ያ ውበት አይደለም። ቀን ሳይቆጠር ለዓይን ሐኪም ይታይ።

በጀርባው ገጽ ላይ ዋናው ጉዳይ ቀዶ ሕክምና ነው። በተለመደው የግላኮማ ቀዶ ሕክምና ለውስጥ ፈሳሹ አዲስ መውጫ ይከፈታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ፈሳሽ ከወጣ በኮርኒያና በሌንስ መካከል ያለው ቦታ ይጠባል። ከተነካኩ ደግሞ ሴሎቹ ያልቃሉ። ጠባሳ እንዳይሠራ የሚቀባው ማይቶማይሲን ሲ የተባለ መድኃኒትም ወደ ኮርኒያ ገጽ ከፈሰሰ ይጎዳል፤ ስለዚህ በብዙ ውሃ ይታጠባል። ጥቃቅን ቱቦ የሚተከልላቸው ታካሚዎች ላይ ደግሞ ቱቦው ወደ ኮርኒያ በቀረበ መጠን የሴሉ መሞት ይፈጥናል። ልምድ ያለው ሐኪም ቱቦውን ከኮርኒያ ያርቀዋል፤ ሲቻል ከአይሪስ (ለዓይን ቀለሙን ከሚሰጠው ክፍል) ኋላ ያስገባዋል።

ሳይፓስ የተባለው መሣሪያ ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከሞራ ቀዶ ሕክምና ጋር አብሮ የሚገባ ደቃቅ ቱቦ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቀደችው። የ2 ዓመቱ ውጤት ጥሩ ነበር፤ ግፊት ቀንሷል፣ ሰዎች ጠብታ አቁመዋል። አምራቹ አልኮን ግን ታካሚዎቹን እስከ 5 ዓመት እንዲከታተል ግዴታ ነበረበት። በ5ኛው ዓመት ሴሎቹ ሲቆጠሩ፣ ሞራ ብቻ በተነሣላቸው ሰዎች ከሴሎቹ አንድ አሥረኛ ያህሉ፣ ሳይፓስ በገባላቸው ግን አንድ አምስተኛ ያህሉ ጠፍቶ ተገኘ። ቱቦው ወደ ኮርኒያ ወጣ ብሎ በተቀመጠበት ዓይን ጉዳቱ ይብስ ነበር። ኩባንያው በነሐሴ ወር 2018 እ.ኤ.አ. መሣሪያውን በራሱ ውሳኔ ከገበያ አወጣው። ከእነዚያ ታካሚዎች ሕመም ተሰምቶት የመጣ ቢኖር እንኳ ጥቂት ነው። የተገኘው በመቁጠር ነው። እኔ ከዚህ የምይዘው፣ የጀርባው ገጽ የሚጠበቀው በክትትል እንጂ በስሜት እንዳልሆነ ነው። ቱቦ ያለበት ሰው ዓይኑ ደህና ቢሆንም ቀጠሮውን አያሳልፍ። ቀዶ ሕክምና የታሰበለት ሰውም ሴሎቹ ተቆጥረው እንደሆነ ይጠይቅ፤ ቆጠራው በፎቶ ነው፣ አያምም።

ኢንዶቴሊየሙ ካለቀ የሚቀረው ንቅለ ተከላ ነው። ግላኮማ ላለበት ሰው ግን ይህም ቀላል አይደለም። የተተከለውን ኮርኒያ ሰውነት እንዳይገፋው ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ ይጨመራል፤ ስቴሮይድ ደግሞ ግፊት ያነሣል። ለግፊቱ ቱቦ ከተተከለ አዲሱ ኮርኒያ ቶሎ ይደክማል። ሁለቱ ሐኪሞች፣ የኮርኒያውና የግላኮማው፣ ሳይመካከሩ ይህን መንገድ መጀመር ደግ አይደለም።

የኮርኒያ ውፍረት በመለኪያው ላይም ይመጣል። የዓይን ግፊት የሚለካው ኮርኒያን በመጫን ነው። ስስ ኮርኒያ በቀላሉ ስለምትጎደጉድ ግፊቱን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጋ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ስስ ኮርኒያ ያላቸው ሰዎች ለግላኮማ የበለጠ እንደሚጋለጡ፣ የአፍሪካ ዘር ያላቸው ተሳታፊዎችም በአማካይ ቀጠን ያለ ኮርኒያ እንዳላቸው አሳይቷል። መነጽር ለመተው በሌዘር የታረመ ዓይንም እንዲሁ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ይህን ያደረጉ ከሆነ ዓመታት ቢያልፉም ለሐኪሙ ይንገሩ።

አጨማመሩ ላይ ጥቂት ልበል። አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ዓይን ከዚያ በላይ አይይዝም፣ የተረፈው ጉንጭ ላይ ይፈሳል። የብልቃጡ አፍ ዓይንን አይንካ፤ ይቆሽሻል፣ ኮርኒያንም ይጭራል። ከጨመሩ በኋላ ዓይንዎን ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል በጣት ጫን ይበሉ። መድኃኒቱ እዚያው ይቆያል፤ ወደ ደም የሚገባውም ይቀንሳል፣ ይህም ቲሞሎል ለሚወስድ ሰው ለልብም ለሳንባም ይጠቅማል። በሁለት ዓይነት ጠብታዎች መካከል 5 ደቂቃ ይቆዩ። ቆብ ላይ የቀረውን ይጥረጉ።

ወደ ቀጠሮ ሲሄዱ ደግሞ ብልቃጦቹን በሙሉ በፌስታል አድርገው ይያዙ። የታዘዘውን ብቻ ሳይሆን ከፋርማሲ የገዙትን እንባም፣ ጎረቤት የሰጠዎትንም፣ ለቅላት የሚጨምሩትንም። ሐኪሙ ጽሑፋቸውን አንብቦ ማቆያው በስንቱ እንዳለ፣ ስቴሮይድ ተደብቆ እንዳለ ያያል። «ጠብታው ያቃጥለኛል» የሚለውንም እዚያው ይንገሩት፤ የቀሩብዎት ቀናት ካሉም አብረው ይናገሩ፤ አለበለዚያ ግፊቱ ያልወረደው መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ መስሎት አንድ ብልቃጥ ይጨምርብዎታል።